ኮሚት ያልተደረገው

«አሁኑኑ ሰላማዊት፣ አሁኑኑ!» ይላሉ አለቃዋ ጋሽ ሣህሌ፣ ከጀርባዋ ቆመው፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ። የክሊኒኩ ሰውዬ ጩኸት እሷም ጋ ይደርሳል። የሠሩለት ፕሮግራም የሕፃናትን መድኃኒት መጠን እያዛባ ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል።

ሰላማዊት ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ታውቃለች። ነገር ግን የቢሮው የጋራ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው አዲስ ነገር የሚሞከርበት ብራንች፣ ማለትም የፕሮግራሙ ሌላ ቅጂ ነው። ክሊኒኩ የሚጠቀምበትን ለማረም ወደ ዋናው ብራንች መሻገር አለባት። ትእዛዙን ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ ኮሚት ያልተደረጉ፣ ማለትም ገና ያልተመዘገቡ ለውጦች አሉና ከተሻገርሽ ይጠፋሉ ይላታል።

ጠዋት የሞካከረችው ውዳቂ ኮድ ትዝ ይላታል። እሱ ነው ብላ ታስባለች። አንዴ ገባ ብላ ብታይ ምን ነበረበት! ገለል አድርጋ ብታስቀምጠውስ? ግን የአለቃ ትንፋሽ ማጅራት ላይ እያረፈ ማን ያስተውላል። አስገድዳ ትሻገራለች።

ከዚያ ሁሉም በቶሎ ይሆናል። ታርማለች፣ ትልካለች፣ የስልኩ ጩኸት ይበርዳል። «ተባረኪ ልጄ!» ይላሉ ጋሽ ሣህሌ። ከታች የሾላ ገበያ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ አሁን ገና ይሰማታል።

ወደ ነበረችበት ብራንች ትመለሳለች። የክሊኒኩ ቀጠሮ መያዣ ገጽ የለም። ባልደረባዋ ልደቱ ስንት ሳምንት ያመሸበት፣ ትናንት «ሊያልቅ ነው» ብሎ ያሳያት፣ ቋሚ ቅጥሩ የተንጠለጠለበት ገጽ። ያላለቀ ሥራ ኮሚት አያደርግም፤ «ዓይን ይበላዋል» እያለ ይቀልዳል። ፋይሉን ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ እንደገና ትፈልጋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይኼ ግን የሚለቀም አይደለም።

በሩ ይከፈታል። ልደቱ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ እንጦጦ ጠበል ወጥቶ ነበር፤ ፀጉሩ ገና አልደረቀም፣ ጫማው ጭቃ ብቻ ነው፣ በእጁ ትንሽ ጀሪካን ይዟል።

«ዛሬስ እጨርሰዋለሁ!» ይላል እየሳቀ።

«መጀመሪያ ይቺን ልጅ አመስግናት» ይላሉ ጋሽ ሣህሌ። «ከጉድ አወጣችን።»

«እሷማ መች ታሳፍራለች!» ጀሪካኑን ከፍቶ በኩባያ ይቀዳላታል። «በይ እንኪ። እህል አልቀመስሽም አይደል?»

አልቀመሰችም። ቀምሳ ቢሆን ኖሮ ማምለጫ ይሆናት ነበር፤ ተበልቶ ጠበል አይጠጣም። ኩባያውን ትቀበላለች። ትፈራለች፣ ከፍርሃቱም እፍረቱ ይብሳል። ይኼን በሆዷ ይዛ ጠበሉን ወደ አፏ ማስጠጋት ያቅታታል። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ልደቱ» ትለዋለች። «ገጽህን አጠፋሁት። የራሴ ሙከራ መስሎኝ... ሁሉንም አጠፋሁት።»

የጋሽ ሣህሌ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ይቀራል። ልደቱ የጀሪካኑን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ይፈልጋል፣ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ይፈልጋል። ክዳኑ በእጁ ነው።