የተላጠው ፊት

ባል ተብዬው ነጋ ጠባ ማድያቷን እያነሳ ቁም ስቅሏን ስላሳያት፣ ሄዳ ፊቷን በኬሚካል አስላጠች። ባለሙያዋ፣ «መጀመሪያ ያቃጥልሻል፤ ከዚያ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። በራሱ ጊዜ ይልቀቅ፣ እንዳትጎትቺው» ብላ አስጠንቅቃት ነበር።

ማን ይታገሣል? አንድ ምሽት መስታወት ፊት ቆማ ከአገጯ ጀምራ ሳበችው። ማድያቱን፣ ከንፈሯ ጥግ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር ይዞ፣ ሳይበጠስ ሙሉውን ተነሳ። የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወርውራው ተኛች።

ጠዋት ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ከማድ ቤት የባሏ ሳቅ ይሰማል፤ ለእሷ እንዲህ ስቆላት አያውቅም። በሩን ገፋ ስታደርገው ከአንዲት ማድያታም ሴት ጋር ሻይ እየጠጣ ነው።

«እንግዳ ጠርተሽ ነበር እንዴ፣ የኔ ቆንጆ?» አላት ሴትዮዋን።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ፈገግ ስትል ከንፈሯ ጥግ ያለው ጠባሳ ተሸበሸበ።

«ኧረ አላውቃትም» አለች፣ በእሷው ድምፅ።