ሦስት ቆርቆሮ ገብስ

የባዮሎጂ መምህሩ በላይ መካነ ሰላም በተመደበ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ አባት ጋር በገብስ ተወራረደ።

አባትየው ጋሽ ሙሐሲን ናቸው። ልጃቸው ኡሙልኸይር ከአሥረኛ ክፍል አንደኛ ትወጣለች። ጂዳ ለቤት ሠራተኝነት የሚልካት ደላላ ፓስፖርቷን አውጥቶ ጨርሷል፤ የቀረው የአባት እሺታ ብቻ ነው። በላይ ሊያስቀራት ቤታቸው ድረስ ሄደ።

«ጂዳ የሰው ሽንት ቤት ከምታጥብ ዶክተር ትሁን።»

«አንተን ብዬ?» አሉ ጋሽ ሙሐሲን። «ክፍል ውስጥ ውሃ ሁሉ ውሃ ነው ብለሃል አሉ። ዘምዘምም?»

የበላይ አፍ አያርፍም። «ለገብስ፣ አዎ።»

ውሉ እዚያው ታሰረ። በሁለት ቆርቆሮ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ገብስ ይዘራል። አንዱ የቧንቧ ውሃ፣ አንዱ ዘምዘም ይጠጣል። በሃያኛው ቀን እኩል ከሆኑ ኡሙልኸይር ትማራለች። ዘምዘሙ ከበለጠ ትሄዳለች። ሦስተኛውን ቆርቆሮ ጎረቤታቸው እትዬ የሻለም ይዘው መጡ፤ «ጸበሉስ ምን በደለ?»

ቆርቆሮዎቹ ጋሽ ሙሐሲን መስኮት ላይ ተደረደሩ። ሦስቱ ሰዎች በየማለዳው የየራሳቸውን በስኒ እየለኩ ያጠጣሉ። ኡሙልኸይር በማስመሪያ ትለካለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እንዳታደላ ተብሎ ሌላ ሥራ አልተሰጣትም።

በሃያኛው ቀን የዘምዘሙ ገብስ ከሌሎቹ አራት ጣት በልጦ ተገኘ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ የሻለም፣ ሳይታወቃቸው። ወዲያው ግን፣ «ጸበል እኮ ለታመመ ነው፤ ገብሱ ምን ሆነና?» አሉ።

በላይ ጎንበስ አለ። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አንዲት ነጭ ፍሬ ተጣብቃለች። ምላሱ ላይ አደረጋት፤ ቀዘቀዘችው።

«ዩሪያ» አለ።

ዞር ሲል ከበሩ ጀርባ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ማዳበሪያ ከነጆንያው ቆሟል።

«ማስረጃው ይኸው። አሁን ማን ይጠቀማል ብለን እንጠይቅ። ይህን ቆርቆሮ ከእርስዎ በቀር ማን አጠጣው?»

«ወላሂ አልነካሁም!»

«እንግዲያው ሙከራው ይደገማ!»

«በገዛ ቤቴ ሌባ ብለኸኝ? ውጣ! ከእንግዲህ ልጄን አንድ ፊደል አታስተምራትም!»

ኡሙልኸይር ደብተሯን አቅፋ አለቀሰች። በላይ ተቀብሏት ገለጠው። የሃያ ቀን ልክ፣ በሚሊሜትር፣ አንድም ስርዝ የለበትም። «እንዲህ ያለች ተማሪ ለጂዳ!» አለና እሱም ዓይኑን ጠረገ።

ሰኞ ማለዳ የደሴው አውቶቡስ አቀስታን ሲያልፍ፣ አብራት ወደ ጂዳ የምትሄደው አሚራ ማስቲካ አቀበለቻትና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ስንት ጨመርሽበት?»

«አንድ ቁንጥር በቂ ነበር» አለች ኡሙልኸይር፤ «ሁለተኛውን የጨመርኩት እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።»