የሩሀማ እናት

ሩሀማ የወንድሟን ጭን ቆንጥጣ ስትለቀው የሁለት ጥፍሮቿ ምልክት ቀልቶ ቀረ። ሃያ ቀን ያልሞላው ኢዮስያስ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፤ ጩኸቱ ቆይቶ መጣ። አጠገቡ ጋደም ያለችው እናታቸው ከእንቅልፏ ባንና የሩሀማን እጅ ያዘች። ሩሀማ ጥፊውን ለመቀበል ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊው አልመጣም።

«መናደድ ትችያለሽ» አለች እናቷ፣ ሕፃኑን በሌላ ክንዷ ታቅፋ ጡት እያጎረሰችው። «እሱን መቆንጠጥ ግን አይቻልም። ምን ሆነሽ ነው?» እጇን አልለቀቀችም፤ አላሳመመቻትምም።

«አንቺን ወሰደብኝ! ሁሉም የሱ እናት ነው የሚሉሽ!»

እውነቷን ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ «የሩሀማ እናት» ሲል ኖሮ፣ ወንድ ልጅ ከመጣ ወዲህ አራስ ጠያቂው ሁሉ፣ የጸሎት ቤቱ መዘምራን ሳይቀሩ፣ የሩሀማን ስም ረስተውት ነበር። ለእናቷ ይህ አሁን ገና ገባት። ልትመልስላት ስትል በሩ ተንኳኳ።

«የኢዮስያስ እናት!» ለአራሷ በቅቤ የተለወሰ የእንሰት ቡርሳሜ ይዛ የመጣችው ጎረቤታቸው ነበረች።

እናቷ አልመለሰችም። ሩሀማ ቀና ብላ አየቻት።

«የኢዮስያስ እናት! ኧረ ምግቡ ቀዘቀዘ!»

እናቷ አሁንም ዝም አለች፤ ሩሀማን ብቻ ታያለች። ጎረቤትየዋ ትንሽ ጠበቀችና በለመደ አፏ ተጣራች፦ «የሩሀማ እናት! የላችሁም እንዴ?»

ሩሀማ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።

«አለን!» ብላ ከእናቷ ቀድማ ጮኸች።