ያልተጠጣ ውሃ

ኛቡዋይ ከጀሪካኑ ወደ ቅሉ ውሃ ትቀዳለች። መጀመሪያ ለሾፌሯ ለቢየል ትሰጠዋለች፤ ጎማ ሲቀይር በላብ ተጠምቋል። ግማሹን ጠጥቶ ይመልስላታል። የቀረውን ኬላውን ለሚጠብቁት ወታደሮች አዛዥ ለኮማንደር ዱዋል ታቀብለዋለች።

ኬላውን እንዲከፍትላት ከጠዋት ጀምሮ ስትለምነው ቆይታለች። ሶባት ወንዝ ዳር ባለው ክሊኒክ ኮሌራ የያዛቸው ስልሳ ሰዎች ተኝተዋል። የሚያድናቸው ግሉኮስ እዚህ መኪናዋ ላይ ነው። እስከ ኬላው የሸኛት ሌላ መኪና ከኋላዋ ቆሟል።

«እሺ፣ እለፉ» ይላል ዱዋል። «አንቺም፣ ሾፌርሽም። እንዳንቺ የሚጨቀጭቅ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እማማ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ ቤትሽ ብትቀመጪ ምን አለበት?»

«አንተ ቤትህ ብትቀመጥ እኔም እቀመጥ ነበር።»

ወታደሮቹ ይስቃሉ። ዱዋልም ይስቃል። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል፤ ቅሉን ግን ወደ አፉ ሳያስጠጋ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።

የኛቡዋይ ፊት ይለወጣል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ከአንድ ዕቃ እንደማይጠጡ እዚህ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ዱዋል ከእሷ ጋር ደም የለውም፤ ረፋዱ ላይ ከአንድ ሳህን አብረው በልተዋል። የሚፈልገው ከቅሉ የጠጣውን ቢየልን ነው። ቢየልም ዓይኑን ከቅሉ ላይ መንቀል አልቻለም።

«ሾፌሬ አሞታል» ትላለች። «ሊሸኘን በመጣው መኪና ይመለሳል።»

«አሁን ጎማ ሲቀይር አልነበር?»

«አሁን ነው ያመመው።»

«መኪናውንስ ማን ሊነዳው?»

«እኔ።»

«ትችያለሽ?»

«ድሮ እችል ነበር።»

ዱዋል ቢየልን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ሲናገር ድምፁ ከእሷም የባሰ የደከመ ነው።

«ቶሎ ይሂድ። ሁለተኛ እኔ ያለሁበት ኬላ እንዳይመጣ። የአጎቴ ደም ገና አልተካሰም፤ ደግሞ ካየሁት ዝም ማለት አልችልም።»

ቢየል ቁልፉን መዳፏ ላይ ያኖራል። 

«እማ፣ ሁለተኛው ማርሽ ትንሽ ያስቸግራል» ይላታል።

የሚመለሰው መኪና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ታዳምጣለች። ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ የይለፍ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በሾፌርነት የተጻፈውን የቢየልን ስም ትሰርዛለች፤ ከጎኑ የራሷን ትጽፋለች። ዱዋል ይፈርምበታል። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ትልበታለች፤ አጥፋም ዳሽቦርዱ ላይ ታስቀምጠዋለች።