እትዬ መሳቢያና የምድር ቤቱ ወንበር

ሰኞ ጠዋት አለቃው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ሰብስበው ወሬውን ሳያላምጡ ጣሉት።

«የካርድ ዘመን አበቃ። ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚመዘገበው በኮምፒዩተር፣ ያውም በአዲሱ ደንብ ነው። ትማራላችሁ፣ ትፈተናላችሁ። የወደቀ ምድር ቤት ወርዶ አሮጌዎቹን የካርድ መሳቢያዎች ይጠብቃል።»

የሁሉም ዓይን ተነጋግሮ እንደመጣ ወደ እትዬ መሳቢያ ዞረ። እነዚያን ካርዶች በእጃቸው ሲጽፉ ያረጁ ሴት ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ሰው ከጠራ ቆይቷል። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና «ምድር ቤቱ መስኮት አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አንዲት ትንሽ፤ ወደ አትክልቱ ታሳያለች ይላሉ» አሉ አለቃው። «እኔ በዚህ ጉልበቴ ደረጃውን ወርጄ አላውቅም።»

«ውይ» አሉ እትዬ መሳቢያ በቀጭን ድምፅ።

ኮምፒዩተሮቹን የተከለውን ቴክኒሻን አሳዘኑት። ክፍል እየቆጠረ የሚሠራ ሰው ነውና ማንም በማይቀመጥበት ምድር ቤት እንኳ አንድ አዲስ ማሽን ገትሯል። «አይፍሩ እናቴ» አላቸው። «ጥያቄው ምርጫ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የነካካ እንኳ ሩቡን አያጣም።»

እንድታስተምር የታዘዘችው ሁሉም «ፈጣኗ» የሚሏት ወጣት ሠራተኛ ነበረች፤ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ላይ የሚጥል ዝናብ ይመስላል። አዲሱ ደንብ ግን የእሷንም ራስ ያዞር ነበር። ድሮ «ገ.» ተብሎ የሚታለፈው አሁን «ገጽ» ተብሎ ይሞላል። ድሮ ደራሲዎች ሲበዙ የአንዱን ስም ጽፎ «እና ሌሎች» ማለት ይበቃል፤ አሁን ሁሉም በየስማቸው ይገባሉ። መጽሐፍ ላይ ማህተም የሚመታው ጎልማሳ፣ ባለማህተሙ፣ ስለ ወንዝ ዓሣ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ገልጦ ደራሲዎቹን ሲያይ «ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የአውቶቡስ ሰልፍ?» አለ።

እትዬ መሳቢያ ማውሱን ገልብጠው ያዙት። ቀስቷ ስትጠፋባቸው ጠረጴዛ ሥር ገብተው ፈለጓት።

«እትዬ፣ ቀስቷ እኮ እስክሪኑ ላይ ናት።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ይሄን ወገብ አላስጎነብሰውም ነበር።»

ባለማህተሙ ደግሞ በየጠዋቱ የይለፍ ቃሉን ይረሳል። «የሚስትህ ስምና የተወለድክበት ዓመት ነው፣ ልጄ» ይሉታል እትዬ መሳቢያ፣ ከሚሠሩት ሹራብ ቀና ሳይሉ።

አንድ ቀን ፈጣኗ ራሷ ተያዘች። ሁለተኛው ደራሲ አልገባ አላት፤ ብትለው ብትሠራው ማሽኑ እምቢ።

«ያቺን የመደመር ምልክት ብትነኪያትስ?» አሉ እትዬ መሳቢያ፣ ማውሱን እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው አቅፈው። «እኔ እንኳ ምን አውቃለሁ፣ ታምራለች ብዬ ነው።»

ነካቻት፤ ገባ። ፈጣኗ «አሁንስ ጎበዝ ነኝ» ብላ ቀጠለች።

ፈተናው ሲቃረብ ሠራተኛው ሁሉ ለእትዬ መሳቢያ አዘነ። እንዲምሯቸው አለቃውን እንለምን ተባለ። አለቃው ግን ተለምነው ሰጥተው አያውቁም። ባለማህተሙ መስኮት አጠገብ ልቀመጥ ቢላቸው መጸዳጃ ቤት በር ላይ መደቡት። ፈጣኗ የቅዳሜ ፈቃድ ብትጠይቅ የእሑድ ሥራም ተጨመረባት። ቢሆንም ተሰልፈው ገቡ።

እትዬ መሳቢያ ይህን ሲሰሙ እያለከለኩ ከኋላ ደረሱ። «ተዉ ልጆቼ፣ በእኔ ጉዳይ አለቃን አታድክሙ። እንደ ወጣልኝ ልሁን።»

«ትሕትናቸውን አያችሁ?» አለ ባለማህተሙ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አለቃው ጥቂት አሰቡና በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። «ይሁን። እትዬ አንዲት ጥያቄ እንኳ ከመለሱ እምራቸዋለሁ። እዚሁ ላይ፣ ከእኔ ቢሮ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።»

እትዬ መሳቢያ ግድግዳውን ተደገፉ። ውሃ ተሰጣቸው። ደስታ ነው ተባለ።

በፈተናው ዕለት ሌሎቹ ጠቅ ጠቅ አድርገው ወጡ። ባለማህተሙ እንኳ ላቡን እየጠረገ አለፈ። እትዬ መሳቢያ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለቴ ያነባሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዱን መልስ ሊነኩ ይደርሱና ደንገጥ ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ሌላውን ይነካሉ። ፈጣኗ በመስታወቱ እያየች ጥፍሯን በላች።

ውጤቱ ወጣ። ዜሮ።

ቴክኒሻኑ ማሽኑ ታሞ እንደሆነ ብሎ ደግሞ አየ። ዜሮ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አለ ራሱን እያከከ።

«አንዲት እንኳ?» አሉ አለቃው። ያዘጋጁት ምሕረት እጃቸው ላይ ቀረ።

እትዬ መሳቢያ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፈጣኗ አቅፋቸው አብራ አለቀሰች። ባለማህተሙ ዕቃቸውን ተሸክሞ እስከ ደረጃው ሸኛቸው። ነጠላ ጫማው፣ ትንሿ ሬዲዮ፣ ባለአበባዋ ማሰሮ፣ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ከረጢት ተዘጋጅተው ነበር።

«ምስኪን» አለ ሲመለስ። «መውደቃቸውን አስቀድመው አውቀውት ነበር።»

በሳምንቱ ፈጣኗ ኮምፒዩተሯን ስትከፍት ከምድር ቤት የተላከ መልእክት ጠበቃት።

«ልጄ፣ የመጀመሪያውን መሳቢያ በአዲሱ ደንብ አስገብቼ ጨርሻለሁ፤ ለአለቃ ግን አደራ እንዳትነግሪ፣ እንዳይምሩኝ።»