ሙሽራዋ የደበቀችው መነጽር

«አውልቂው! በር ላይ ደርሰዋል እኮ!»

እናቷ መነጽሩን ከዲልራቦ ፊት ላይ መንጭቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት...

ዲልራቦ የእኛ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሳማርካንድ ከተማ።

የዚያን ቀን ሼርዞድ ለሚባል ወጣት ሊያጯት እናቱና ሌሎች ሴቶች መጥተዋል። እሷ ደግሞ ያለ መነጽር የሰው ፊት እንኳ አይለይላትም። ሻይ ስትቀዳ ግማሹን ምንጣፉ ላይ አፈሰሰችው...

«ዓይን አፋር ናት» አሉ እናቷ ፈጠን ብለው።

ሴቶቹ ሳቁ... ልጅቷ ታጨች።

በማግስቱ እናትና ልጅ ዓይን ሐኪም ጋ ሄዱ።

«ዶክተር፣ በሌዘር ይሥሩላትና ከዚህ መነጽር እንገላገል!»

ሐኪሟ መርምራት ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች።

«የዓይኗ ቁጥር ገና እየጨመረ ነው። አንድ ዓመት ታግሳ ትምጣ፣ ያኔ እሠራላታለሁ።»

«የምን አንድ ዓመት? ሰርጉ ለናቭሩዝ፣ ለአዲስ ዓመት በዓል ነው!»

«እስከዚያ መነጽሯ ምን አላት? ካልሆነ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ኮንታክት ሌንስ አለ... ግን ስትተኛ ታውልቀው። ውሃም እንዳይነካው። በዚህ ቀልድ የለም፣ ዓይን ያጠፋል!»

ሌንሱን ይዘው ወጡ።

«እማ... እውነቱን ብንነግራቸውስ?»

«ቆመሽ መቅረት አማረሽ? ዝም በይ!»

ዲልራቦ ሌንሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰርጉ ተሠረገ። ዲልራቦ ባሏ ቤት ገባች።

ማታ ሌንሱን ብታወልቅ ሼርዞድ ያያል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ግቢ ስትጠርግ ደግሞ በዳበሳ ሊሆን ነው...

ስለዚህ አድርጋው ትተኛ ጀመር።

ዓይኗ ቀላ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ባሏ።

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው...»

አበጠ።

«አቧራ ገብቶብኝ ነው...»

አንድ ጠዋት መጥረጊያውን ጥላ፣ ቀኝ ዓይኗን ይዛ ግቢው መሃል ጮኸች።

ሆስፒታል ሲያደርሷት ዓይኗን ለማዳን ጊዜው አልፎ ነበር። ቁስሉ ብሌኗ ላይ ጠባሳ ጥሏል። በዚያ ዓይኗ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚታያት...

አማቷ ሳኖባር አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዲልራቦ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች።

አማቷ እጇን ያዙና...

«የኔ ልጅ... እኔ እኮ መጀመሪያ ያየሁሽ በመነጽር ነው።»

«የት?!»

«ጤና ጣቢያ፣ ወረፋ ላይ። አንድ ሽማግሌ የመድኃኒታቸውን ወረቀት ማንበብ አቅቷቸው ሲንከራተቱ አስቀምጠሽ አነበብሽላቸው። አልገባቸው ሲል ደገምሽላቸው። ቤት ገብቼ ሼርዞድን "ያቺን ባለ መነጽር ካላገባህ ልጄ አይደለህም" አልኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልናጭሽ ስንመጣ መነጽር የለም... በሌዘር ተሠርታለች ብዬ ነዋ! እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነዋ! ምነው ያኔ አፌን ከፍቼ በጠየቅኩሽ...»

በሩ ላይ ቆመው የሰሙት የዲልራቦ እናት እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ...

ዛሬ ዲልራቦ መነጽሯን አድርጋ ነው የምትወጣውና የምትገባው። በቀኝ በኩል ያለው መስታወት ግን ከጥላና ከብርሃን በቀር ምንም አያሳያትም።

ወዳጆቼ... ሌዘሩም ሌንሱም ጥፋት የለበትም። ዓይኗን የወሰደው «ሰው ምን ይላል» ነው። አንዳንዴ ጉድለታችንን የምንደብቀው፣ ከነጉድለታችን ከወደደን ሰው ነው።

እስቲ ፍረዱ... እናት፣ ልጅ ወይስ ዝም ያሉት አማት? እናንተ ማንን ትወቅሳላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ 👇