የተዘረጋ ወረቀት

ወይዘሮ ውብአለም ከካርቶን መከለያው ጀርባ ወጡና የምርጫ ወረቀታቸውን እንደተገለጠ ለአስመራጯ ዘረጉላት። የካናዳ ዜግነት ካገኙ ወዲህ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ የመጀመሪያው ምርጫቸው ነበር። አስመራጯ ፊቷን ምርጫው ወደሚካሄድበት የስፖርት አዳራሽ ግድግዳ አዞረች። ቀድማ መርጣ የምትጠብቃቸው ልጃቸው ሆሣዕና ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ እጠፊው። እሷ ማየት አይፈቀድላትም።»

«ታዲያ ልክ መሆኑን ማን ያየልኛል?»

«ማንም አያይልሽም።»

ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀረ። በንጉሡ ጊዜ የባላባቱ ጸሐፊ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ለአምስት ያደራጃቸው ካድሬ ወረቀታቸውን አይቶ «ጎበዝ» ሳይላቸው ከምርጫ ጣቢያ ወጥተው አያውቁም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይኼኛውስ አያይም ይሉ ነበር፤ ኋላ ተስፋ ማድረጉም አደከማቸው። አሁን ጣቶቻቸው ማጠፍ እምቢ አሏቸው። በሦስተኛው ሙከራ አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት።

ወደ ፓርኪንጉ ሲወጡ ሆሣዕና ክንዳቸውን ደግፋ፣ «ስንመጣ መኪና ውስጥ የነገርኩሽን ሰውዬ ነው አይደል የመረጥሽው?» አለቻቸው።

ወይዘሮ ውብአለም ቆሙ። ልጅቷ ክፋት አልነበራትም። ምልክት ያደረጉትም በእርግጥ እሷ ባለችው ሰው ስም ላይ ነበር። ይህንኑ ብለዋት ቢገላገሉና ቤት ገብተው ጋደም ቢሉ ደስ ባላቸው።

«አልነግርሽም፣ ልጄ» አሉና ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው ወደ መኪናው አዘገሙ።